ድንኳኑን ጭነን እንሂድ ወይስ ተክለነው እንውጣ?

በዲርት ባይክ፣ ማለትም ለዱር መንገድ በተሠራ ሞተር ሳይክል፣ ወደ ተራራ ለካምፒንግ የሚወጡ ጓደኛሞች ገና ቀን ሳይቆርጡ የሚጨቃጨቁበት ጉዳይ አለ። እያንዳንዱ ዕቃውን በሞተሩ ጭኖ በየማታው አዲስ ቦታ ይደር? ወይስ ዕቃው በመኪና ይድረስና ሁሉም አንድ ቦታ ሰፍሮ ቀን ቀን እየወጣ ይመለስ? ሁለት ሞተረኞች ተከራክረውበታል። ጭነን እንሂድ የሚለውን «ተጓዡ»፣ እንስፈር የምትለውን «ሰፋሪዋ» ብለናቸዋል።

ተጓዡ፦ እኔን የሚያጓጓኝ የተራራው የወዲያኛው ጎን ነው። አንድ ቦታ የሰፈረ ቡድን ያንን ጎን አያየውም። ሒሳቡን እንሥራው። የብዙ ዲርት ባይኮች ታንክ የሚይዘው 8 ሊትር ገደማ ነው። በሊትር 20 ኪሎ ሜትር ቢያስኬድ እንኳ 160 ኪሎ ሜትር ነው። ግማሹ መመለሻ ነው። ዳገትና ጭቃ ሲጨመርበት፣ ለክፉ ቀን የሚተርፈውም ሲቀነስ ከካምፑ 50 ኪሎ ሜትር ብትርቂ ነው። በማግስቱም በዚያው መንገድ ወጥተሽ በዚያው ትመለሻለሽ። ተጓዥ ቡድን ግን ነዳጅ ካለበት ተነስቶ ነዳጅ ወዳለበት ነው የሚሄደው። አንቺ ለመመለሻ የምታቃጥይውን እሱ ወደፊት ይሄድበታል።

ሁለተኛው ነገር ለእኔ ከዚህም ይበልጣል። የምንወጣው ጓደኛሞች ሆነን ነው። ካምፕ ሲኖር ቡድኑ ይበታተናል። ፈጣኖቹ ማልደው ይሄዳሉ። ጀማሪው ድንኳኑ አካባቢ ሲሽከረከር ይውላል። ማታ እሳት ዳር ስንቀመጥ ሁሉም የየራሱን ውሎ ያወራል። ጭነን ስንጓዝ ግን አንዱ ወንዝ የሁላችንም ወንዝ ነው። የመጨረሻው ሰው ሳይሻገር ማንም ወደፊት አይሄድም።

ጭነቱ ደግሞ የሚወራውን ያህል አይደለም። ቀላል ድንኳን 2 ኪሎ ነው። ስሊፒንግ ባጉ 1 ኪሎ፣ የሚነፋው ፍራሽ ግማሽ ኪሎ። ልብሱ፣ ምግቡና ምድጃው ሲጨመሩ 12 ኪሎ ቢሆን ነው።

ሰፋሪዋ፦ 12 ኪሎው ወረቀት ላይ ያምራል። ውሃውን ረሳኸው፤ 3 ሊትር 3 ኪሎ ነው። ጎማ መፍቻው፣ ትርፍ ካላማዳሪው፣ መንፊያው፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ቦርሳው፣ የዝናብ ልብሱስ? ሚዛን ላይ ሲወጣ 20 ኪሎ ይጠጋል። ለዱር መንገድ የተሠራ ቀለል ያለ ሞተር ራሱ 110 ኪሎ ገደማ ነው።

ጭነቱ የት እንደሚቀመጥም አስብ። አብዛኛው ከነጂው ጀርባ፣ ከኋላ ጎማ በላይ ነው። የዲርት ባይክ የኋላ ጎማ ወደ 300 ሚሊ ሜትር ከፍና ዝቅ ይላል። ነጂው ሲቀመጥበት 100 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲወርድ ተደርጎ ይስተካከላል። ዕቃ ሲጨመር ኋላው ከዚያ በላይ ይወርዳል፣ ፊቱ ይቀልላል። ያኔ የፊት ጎማው መሬት መንከሱን ይተዋል። ኩርባ ላይ ሞተሩ አልታጠፍ ይላል፤ ዳገት ላይ አፍንጫውን ይሰቅላል። ሞላውን ማጥበቅ ትችላለህ። ግን ሞላው የተመረጠው ለነጂው ክብደት ስለሆነ ማጥበቅ ብቻውን አይበቃም።

አሁን ይህን ሞተር ለጀማሪው ስጠው። ዳገቱ ልቅ ድንጋይ የሞላበት ነው። መሃል ላይ ፊቱ ይነሳበታል፤ ደንግጦ ነዳጁን ይቆርጣል፣ ሞተሩ ይጠፋል። እግሩን በቁልቁለቱ በኩል ያወርዳል። መሬቱ ግን ካሰበው በታች ነው፤ ይወድቃል። ሞተሩ መሪው ወደ ታች፣ ጎማዎቹ ወደ ላይ ሆነው ይተኛል። ለማንሳት መጀመሪያ እየጎተተ ማዞር አለበት። ቦታው 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ ወደ 30 በመቶ ጉልበቱን ያጣል። ልጁም ትንፋሽ ያጥረዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከወደቀ በኋላ ክንዱ ይደርቅና ጣቶቹ ፍሪሲዮኑን መጨበጥ ያቅታቸዋል። ሰው ክፉኛ የሚጎዳው እንዲህ ሲደክም ነው።

ተጓዡ፦ የአየሩ ነገር የሁለታችንም ነው። ካምፕ የሰፈረ ሰው ሞተርም የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። ካርቡራቶር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ነዳጅ እንዳይበዛበት ከመውጣቱ በፊት የነዳጅ ማሳለፊያውን በጠበበ ይቀይር። ኢንጀክሽን (ነዳጁን በኤሌክትሮኒክስ እየለካ የሚረጭ) ያለው ልኩን ራሱ ያስተካክላል፤ የጠፋውን ጉልበት ግን አይመልስም።

ጀማሪው ግን ለምን ይጫናል? እኔ የምለው ቡድን ድንኳኑንና ውሃውን ይካፈልለታል፤ እሱ ባዶውን ይሄዳል። ለእኔ ጓደኛ ማለት ይህ ነው። የጫነ ሰው ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፤ ሌላ ምርጫ የለውም። «ይህን መንገድ ትናንት አውቄዋለሁ» ብሎ ነዳጅ የሚሰጠው ባዶውን የሚነዳው ነው።

አሰላለፋችንንም ተመልከቺ። መገንጠያ ላይ ፊተኛው ቆሞ ኋለኛውን በዓይኑ እስኪያየው ይጠብቃል። ከሁሉም ኋላ ልምድ ያለው ሰው ደጀን ሆኖ ይመጣል። መፍቻውና የዕርዳታ ቦርሳው ከእሱ ጋር ነው። በዚህ አካሄድ ሰው ቢቀር ወዲያው ይታወቃል። ከካምፕ በየአቅጣጫው የወጡትን ግን ማን ይቆጥራቸዋል? ሲመሽ አንዱ ባይመለስ በየት በኩል ትፈልጊዋለሽ?

ሰፋሪዋ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሥርዓት የሌለው ካምፕ አደገኛ ነው። ስለዚህ ማንም ብቻውን አይውጣ። ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፤ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቆያል፣ አንዱ ለዕርዳታ ይሄዳል። በየት እንደሚሄዱና ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ጽፈው ካምፕ ይተዉ። ስልክ በማይሠራበት ቦታ በሳተላይት መልዕክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ እሱን በጣም የሚርቀው ቡድን ይያዘው።

አንተ ግን ያላነሳኸው ነገር አለ፤ ሌሊቱ። ከ2,500 ሜትር በላይ የከፍታ ሕመም ማንንም ሊይዝ ይችላል። ጎበዝ ነጂ ነው ብሎ አይምርም። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታህ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል ይመከራል። ቀን ከፍ ብሎ ውሎ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ደግሞ ሰውነትን ያላምዳል። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ የተተከለ ካምፕ ይህን በራሱ ያደርግልሃል። የአንተ ቡድን የሚያድረው ከተራራው ማለፊያ ወዲያ ከሆነ ግን፣ ከሰዓት በኋላ ራሱን ያመመው ልጅ ምን ይሁን? ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ጀምሮት ከባሰበት፣ እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድም ከመጣ፣ ማድረግ ያለበት መውረድ ነው። እሱ ግን ላለማስቸገር ሲል አፉን ይዞ ሽቅብ ይከተላችኋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። «የመጨረሻው ሳይሻገር አንሄድም» የምትለው ቃል ያ የመጨረሻው ሰው ሲሰማው ከባድ ነው። ሕመሙን እንዲደብቅ ያደርገዋል።

ተጓዡ፦ ሕመሙን የሚደብቅ ሰው ካምፕ ውስጥም አለ። እንዲያውም ሌሎቹ ሄደው እሱ ድንኳን ውስጥ ከተኛ ማን ያየዋል? እኛ በየዕረፍቱ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራን እንጠይቃለን። አንዱ ካመመው ቡድኑ በሙሉ ይወርዳል። በሙሉ ነው ያልኩሽ። ጉዞው ቢበላሽም ይበላሽ።

ወንዙን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ሞተር ውሃ ውስጥ ወድቆ ውሃ ሲስብ አይተሽ ከሆነ ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ ማንም እንዳያስነሳው ይባላል፤ በውሃ የተሞላ ሲሊንደር ፒስተኑን ሊሰብር ይችላልና። ካንዴላው ይፈታል። ሁለት ሰው ሞተሩን በኋላ ጎማው አቁመው ጭስ መውጫውን ያንጠፈጥፋሉ። ሌላው የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ ይጨምቃል። ከዚያ ሞተሩ ሲመታ ውሃው በካንዴላው ቀዳዳ ፊጭ ይላል፤ ፊቱን ያላዞረ ሰው ይረጥባል። ሥራው ሲያልቅ ሁሉም እጅ ጥቁር ነው። ከዚያ በኋላ ማታ የሚወራው ወሬ አንድ ነው። ይህን ነገር ነው ከካምፕ የማላገኘው።

መሬቱንም አስቢለት። ለብዙ ቀን አንድ ቦታ ስንሰፍር ሣሩ ይጠፋል፣ ሞተር የሚቆምበት ዘይት ይጠጣል። እኛ ከውሃ 60 ሜትር ርቀን እንተኛለን። የሰው ዓይነ ምድር ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበራል። ጠዋት ተነስተን እንሄዳለን።

ሰፋሪዋ፦ የመሬቱን ነገር ሳልመልስ አላልፍም፤ የእናንተም በጣም ያሳስበኛልና። በየማታው አዲስ ሣር ላይ የምትተኙ እናንተ ናችሁ። ቀድሞ ሰው ሲሰፍርበት የደነደነ ቦታ ካለ እዚያው መደጋገሙ ይሻላል፤ ጉዳቱ አንድ ቦታ ይቀራል። ነዳጅ ስንቀዳ ከሥር ጨርቅ እናነጥፋለን። ድምፁን ግን እቀበልሃለሁ። ጠዋትና ማታ በአንድ አካባቢ ደጋግሞ የሚጮህ ሞተር ሰውንም እንስሳውንም ያውካል። እኛ የመጨረሻዋን መንገድ ሞተር አጥፍተን እየገፋን ነው የምንገባው። ይህ በቂ ነው አልልህም።

«ቡድኑ በሙሉ ይወርዳል» ያልከው ግን አላሳመነኝም። ሰዓቱ ስንት ሆኖ? በምን መንገድ? የጫነ ሞተር ቁልቁለት ላይ ከኋላ እየገፋ ነው የሚወርደው። ቱ ስትሮክ የሚባለው የሞተር ዓይነት ከሆነ ደግሞ ማርሽ ውስጥ ሆኖ እንኳ እምብዛም አይዝም፤ ሥራው ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሆነም ነዳጁን ዘግተህ ረጅም ቁልቁለት ብትወርድ ሞተሩ ቅባት ያጥረዋል። በዚህ ላይ ራሱ የሚዞርበት ልጅ ጨምርበት። መኪና ከካምፕ ቢኖር ኖሮ አንዱ ወንበር ላይ አስቀምጦ ያወርደው ነበር።

ተጓዡ፦ መኪና የሚደርስበት ቦታ ሁልጊዜ አለ ማለትሽ ነው። እኔ የምወደው ተራራ መኪና አይደርስበትም። መኪናው ያለበት ድረስ ልጁን የሚያወርደውም ያው ሞተር ነው።

ሰፋሪዋ፦ እውነት ነው። ልዩነቱ ባዶ ሞተር መሆኑ ነው።

እንግዲህ ጭኖ መሄድ የሚፈልግ ሰው ስሙን ከማስመዝገቡ በፊት አንድ ነገር ያድርግልኝ። ዕቃውን ሁሉ ይጫን፤ ውሃውንም፣ ነዳጁንም። ተዳፋት ይፈልግ። ሞተሩን መሪው ወደ ታች እንዲሆን አድርጎ ያስተኛውና ብቻውን ያንሳው። ካነሳው ይድገመው፣ ይሠልስ። በሦስተኛው ካልቻለ ጭነቱን ይቀንስ ወይም ከእኛ ጋር ይስፈር።

ተጓዡ፦ ብቻውን ለምን? እኔ እኮ ከጓደኞች ጋር ስለሚደረግ ጉዞ ነው የማወራው። ሁለተኛው ሰው ያነሳለታል።

ሰፋሪዋ፦ ሁለተኛው ሰው ዳገቱን ጨርሶ ጫፉ ላይ ነው። መሃል ላይ ቢያቆም ዳግም መነሳት ስለማይችል ሳያቆም ወጥቷል፤ ልክም ነው ያደረገው። ሦስተኛው ከታች ሆኖ መንገዱ እስኪለቀቅ ይጠብቃል። ሁለቱም በዚያ ከባድ ቡት ድንጋይ ለድንጋይ በእግራቸው እስኪደርሱለት ድረስ ልጁ ቤንዚን ከሚንጠባጠብ ሞተር ጋር ብቻውን ነው። እግሩ ከሥሩ ተይዞ ከሆነ ደግሞ ያንን ሞተር ትንሽ እንኳ ቀና ማድረግ የሚችለው እሱ ራሱ ነው። ለዚህ ነው ፈተናው ብቻውን ይሁን ያልኩህ።