ክሬን ሠሪው ግንበኛ

በምኖርበት በደቡብ ጀርመን ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት ለመሥራት እንኳ ክሬን ይቆማል። በመኪና ተጎትቶ ይመጣል፣ ሳይቱ ላይ ይዘረጋል፣ ወዲያው ሥራ ይጀምራል። እላይ የተቀመጠ ኦፕሬተር የለውም። ግንበኛው ራሱ ሪሞቱን ሆዱ ላይ አንጠልጥሎ ያዘዋል።

የዚህ ክሬን ታሪክ የሚጀምረው ከትልቅ ፋብሪካ አይደለም። ሃንስ ሊብሄር ኪርሽዶርፍ በምትባል ትንሽ ቦታ የወላጆቹን የግንባታ ሥራ የሚመራ ሰው ነበር። አገሩን ጦርነት አፍርሶታል፣ ቤት ፈላጊው ብዙ ነው። እሱም እ.ኤ.አ. በ1949 ቲኬ 10 የተባለውን፣ በቀላሉ የሚጓጓዝና ቶሎ የሚገጠም ታወር ክሬን ሠራ። ፍራንክፈርት ባዛር ላይ ሲያቀርበው ሰው ከቦ አየለት፤ ገዢ ግን ወዲያው አልጎረፈም። እሱም አልተወውም። ቀስ በቀስ ገበያው ሲደራ ኤክስካቫተር ጨመረ፣ ፍሪጅ ሳይቀር ሠራ። ድርጅቱ ዛሬ ከ50,000 በላይ ሠራተኞች አሉት፤ አሁንም በቤተሰቡ እጅ ነው።

ወደ ደብረ ማርቆስ ልምጣ። የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ሶሌታ ሲሞላ ቆሜ አየሁ። ታች ሚክሰሩ ያጓራል። ሴቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ባሬላ ይዘው በአጠና በተሠራው መወጣጫ ይወጣሉ፣ ባዶውን ይዘው ይወርዳሉ። አርማታው ሳይደርቅ መድረስ አለበትና ፎርማኑ «ቶሎ በሉ!» ይላል። አንዷ አረፍ ስትል ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነው።

ፎርማኑን «ክሬን ብትከራዩስ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ኪራዩ ሕንጻውን ይበላዋል። ደግሞስ እነዚህ ምን ይብሉ?»

የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ግን አልተዋጠልኝም። ለሴቶቹ እንጀራ ካሰብን ሲሚንቶ ተሸክሞ ፎቅ ከመውጣት የተሻለ ሥራ አይጠፋም።

ጎጃም ክሬን አያውቅም ማለቴ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው የአባይ ድልድይ በባሬላ አልተሠራም። ግን እንዲህ ያለው ማሽን ከትልቅ ፕሮጀክት ጋር መጥቶ ከፕሮጀክቱ ጋር ይሄዳል። ለባለ አራት ፎቁ የሚሆነውን ማን ይሥራው? ሊብሄር የሠራው እኮ ለራሱ ቢጤ ግንበኛ ነው።

እዚያው ከተማ በርና መስኮት የሚሠራ አንድ በያጅ አነጋገርኩ። በሞተር የሚጎትት፣ ተፈታቶ አይሱዙ ላይ የሚጫን ትንሽ ማንሻ ትሠራለህ ወይ አልኩት።

«ብረቱ አለ፣ ሞተሩም ይገኛል። ማን ያዘኛል?»

የበያጁን ስልክ ቁጥር ወስጄ ለፎርማኑ ሰጠሁት። ተቀበለኝ። «መጀመሪያ ሌላ ሰው ጋ ሲሠራ ልየውና» አለኝ።