ኤሚር ይደፋ!

ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር «ባህላችን ሊጠፋ ነው» ተብሎ ብዙ ተጮኸ። ሌላውን አላውቅም፣ እርግማናችን ግን ጭራሽ ለመለመ። ምስጋናው «ጥቁር ፍቅር» ለተባለው የቱርክ ድራማ፣ በተለይም ለኤሚር ይሁን።

ኤሚር የድሮ ዓይነት ክፉ ነው። የዘንድሮ ክፉ ግራ ያጋባል፤ ልትረግመው ስትል የሚያሳዝን ዓይነት ነገር ያመጣብሃል። ኤሚር ዘንድ ይሄ የለም። ሱፉ እንከን የለውም፣ ገንዘቡ የአባቱ ነው፣ ፈገግ ካለ አንድ ሰው አለቀለት። የዋናዋን ገጸ ባሕርይ የኒሃንን መንትያ ወንድም በነፍስ ግድያ አስከስሰዋለሁ ብሎ አስፈራርቶ ልጅቷን በግድ ያገባ ሰው ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

እኛ ሰፈር ድራማው የሚታየው እማማ ቤት፣ ቡና ተፈልቶ ነው። ኤሚር ብቅ ሲል ሙዚቃው ይከብዳል። «መጣ ደግሞ ይሄ መዓተኛ! ድፍት ያድርግህ!» ይላሉ እማማ፣ ማራገቢያቸውን ወደ ስክሪኑ እያወዛወዙ። ትርጉሙ ደግሞ አንዳንዴ ከከንፈሩ ጋር አይገጥምም፤ አፉ ተዘግቶ ድምፁ ይዝታል። ይህም በክፋቱ ላይ ይደመርበታል። «አያችሁት? አፉን እንኳ ሳይከፍት ነው የሚዋሸው!» በዚህ መሀል ጀበናው ገነፈለ። በኤሚር ተሳበበ።

የኒሃንን ፍቅረኛ ከማልን ሁሉም ይወደዋል። (በኔ በኩል ባሕር እያየ መተከዙ ትንሽ ይበዛብኛል። ይህን ግን እማማ ቤት አልናገርም፣ ቡና እፈልጋለሁ።)

አንድ ቀን ኤሚር እየዛተ ሳለ በሩ ተንኳኳ። የእቁባችንን ብር ይዞ ጠፍቶ የከረመው ጎረቤታችን ነው። ብድግ ብድግ አልን። «ኖር!» «በእግዜር፣ አትነሱ።» እማማ አገላብጠው ሳሙት። «ምነው ከሳህ ልጄ?» ቶና ተቀዳለት። ስለ ብሩ ትንፍሽ ያለ የለም። እሱም ተመቻችቶ ተቀመጠና ስክሪኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ሰው እንዴት እንዲህ ይጨክናል?»

«አይ ልጄ፣ ይሄ እኮ አውሬ ነው!» አሉት እማማ።

አልፈርድባቸውም። እሱ ሲገባ ሙዚቃው አልተቀየረም።

ድራማው እ.ኤ.አ. በ2017 ኒው ዮርክ ላይ የዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት መውሰዱን ያረዳኋቸው እኔ ነኝ። እማማ ነጠላቸውን ጣል አደረጉ። «ሸለሙት? ሳይሸለምም አልቻልነው!»

በመጨረሻው ክፍል ከማልና ኤሚር በአንድ ፍንዳታ አለቁ። ለከማል እውነተኛ እንባ ፈሰሰ። ለኤሚር «አነሰው» ተባለ። እቁብ በሊታውም ዓይኑን ጠረገ። እማማ ብቻ አልተረጋጉም።

«ቆይ፣ የዚያን ሰውዬ አስከሬን በዓይኑ ያየ አለ?»