ጥፋቱ የንፋሱ ነው

ሐሙስ ማታ ዎርምስ አርማጌዶን (የትል ቡድኖች ተራ በተራ የሚታኮሱበትን የኮምፒውተር ጨዋታ) ስንጫወት ከኛው ልጆች አንዱ፣ የጠላት ትል አፍንጫው ስር ቆማ እያየችው፣ ሾትገን የሚባለውን ጠመንጃ ተኮሰ፣ መሬቱን መታ፣ ደግሞ ተኮሰ፣ ደግሞ መሬቱን መታ፣ ከዛ ማይኩን ከፍቶ ረጋ ባለ ድምፅ "አይ፣ ንፋሱ እኮ ነው" አለ። ሾትገን ነው የምላችሁ! ዎርምስ አርማጌዶን እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣ ጀምሮ ሾትገን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ በአንድ ተራ ሁለቴ ያስተኩስሃል፣ አንዱ ጥይት ከትሉ ጤና 25 ይቀንሳል፣ ንፋስ የሚባል ነገር አያውቅም። እናንተም ሰውየውን ታውቁታላችሁ፣ ስሙ ይለያይ እንጂ በየግሩፑ አንድ አይጠፋም።

ስለዚህ ዛሬ ወቀሳ የለም፣ ምስጋና ብቻ። ጨዋታውን የሰሩት ቲም17ቶች ያን ሁሉ ለፍተው ሾትገኑን ከንፋስ ነፃ አውጥተውት ነበር፣ የኛ ጀግና በአንድ ምሽት ንፋስ አስገባበት። ይሄ ቀላል ስራ አይደለም። ለመማር እምቢ ማለት ራሱ ጉልበት ይፈልጋል፣ ያውም በየተራው እየተሸነፉ።

ከስክሪኑ ግርጌ በስተቀኝ ያለችው የንፋስ ምልክት መቼም ለጌጥ ናት። ወዴት እንደሚነፍስ፣ ምን ያህል እንደሚነፍስ በየተራው ትናገራለች፣ ግን ትልቅ ሰው እንዴት ለትንሽ ምልክት ይታዘዛል? ባዙቃን ንፋስ ይገፋዋል፣ አየር ላይ በቆየ ቁጥር ደግሞ አብዝቶ ይገፋዋል፣ ስለዚህ በከባድ ንፋስ ፊት ሽቅብ በሙሉ ፓወር ለቀኸው ዞሮ የራስህ አናት ላይ ቢወርድ የሚገርም ነገር የለውም። ጀግኖቻችን ግን ሁሌም ይገርማቸዋል። ትናንት ገርሟቸዋል፣ ዛሬም ይገርማቸዋል፣ ነገም በአዲስ መንፈስ ይገርማቸዋል። እንዲህ የማይነጥፍ መገረም ያለው ሰው ልቡ ንፁህ ነው፣ የምሬን ነው።

ከሁሉም የምወደው ግን አንድ አለ፣ ጋሼ እንበለው፣ እሱም እንደዛ ሲባል ደስ ይለዋል። የጋሼ መሳሪያ የእጅ ቦንብ ነው። የእጅ ቦንብ ደግሞ ንፋስ አይነካውም፣ ይሄን ጨዋታውን ዛሬ የከፈተ ህፃን ሁለቴ ወርውሮ ይደርስበታል። የምትወስነው አንተ ነህ፣ አቅጣጫውን፣ ጉልበቱን፣ ፊውዙን (እስኪፈነዳ ያለውን ጊዜ) ከ1 እስከ 5 ሰከንድ፣ ሲነጥር ዝቅ ይበል ወይስ ከፍ ይበል የሚለውን፣ አለቀ። ጋሼ ቦንቡን ይዞ ቆመ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ "ንፋሱ አይመችም" አለና ተራውን አሳለፈ። እሺ። ጠላት በባዙቃ አንዱን ትሉን ውሃ ውስጥ ከተተው። ተራው ዞሮ መጣ፣ ንፋሱ ወደ ሌላኛው ጎን ዞሯል፣ ጋሼ "አሁን ደግሞ በዛ፣ ትንሽ ቀነስ ይበል" አለ፣ አሳለፈ። ሌላ ትል ሞተበት። እኛ መናገር ፈልገን ነበር፣ ግን ለጋሼ ማን ይናገራል? በሚቀጥለው ንፋሱ ምንም የለም በሚባል ደረጃ ወረደ። ጋሼ "አያችሁ ትግስት!" አለን። ስለ ትግስት ትንሽ አስተማረን፣ ሰዓቱ እየቆጠረ። ከዛ ወረወረ። ፊውዙ 5 ላይ እንደነበረ ነው፣ አልቀየረውም፣ ምክንያቱም ሀሳቡ ሁሉ ንፋሱ ላይ ነው። ቦንቡ ገደሉን መታ፣ ነጠረ፣ ተመለሰ፣ ተንከባለለ፣ ተንከባለለ፣ መጥቶ እግሩ ስር ቁጭ አለ። ከወረወርክ በኋላ መሸሺያ ጥቂት ሰከንድ ይሰጥሃል፣ ያለው ሰው ይሮጣል። ጋሼ ግን አልሮጠም፣ ምክንያቱም እያብራራ ነበር፣ "አሁን ልክ ስለቀው ተነሳኮ፣ አላያችሁም?" እያለ፣ ቦንቡ ፈነዳ፣ እሱንም አጠገቡ የነበረውንም አንስቶ ውሃ ውስጥ ጨመራቸው። እግዜር ያሳያችሁ፣ በዛ ሰዓት እንኳ "ድንገተኛ ንፋስ" የሚል ቃል ከአፉ ወጣ። ጨዋታው ተራ በተራ ነው ጋሼ፣ ድንገተኛ የሚባል ንፋስ የለውም!

ቀጥሎ የጭንቅላት ሊቃውንት ናቸው። "አናቱን ነው የመታሁት፣ እንዴት አይሞትም!" ዎርምስ ላይ የአናት ምት የሚባል ነገር የለም ወዳጄ። ትል ነው፣ ሁለመናው ጭንቅላት ነው። ጉዳቱ የሚሰላው ፍንዳታው መሀል ላይ ካለው ነጥብ ምን ያህል ትርቃለህ ተብሎ ነው፣ ባዙቃ በቀጥታ ካገኘህ ቢበዛ 50 ገደማ ይቀንሳል፣ ጠርዙ ብቻ ከነካህ ምናምን ነገር ነው። ትሉ 100 ይዞ ከጀመረ አንድ ባዙቃ አይገድለውም፣ ይሄ ቅሌት ሳይሆን መቀነስ ነው። ደግሞ ነቄ የሆነ ሰው ቁጥሩን ትቶ ቦታውን ነው የሚያየው፣ ፍንዳታው በግራህ ከሆነ ወደ ቀኝ ትወረወራለህ፣ ገደል ጫፍ ላይ የቆመ ትል ጤናው 100 ቢሆንም ውሃ ውስጥ ከገባ አበቃለት። ምንም ጉዳት የሌላት ገፋ የምታደርግ ጣት አለች፣ ዜሮ ትቀንሳለች፣ ስንቱን አራዳ ነኝ ባይ ግን እሷ ናት የቀበረችው።

ንፋሱ ሳይኖር ሲቀር ደግሞ ኔትወርኩ ይከሰሳል። "ላግ አረገብኝ።" የተኮስከውን ምት የያንዳንዳችን ኮምፒውተር በራሱ ነው የሚያሰላው፣ ከተመሳሳይ ትእዛዝ ተነስቶ፣ ኮኔክሽን ቢደክም እኛ ዘግይተን እናየዋለን እንጂ ጥይትህ ሌላ ቦታ አይወድቅም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው (ጨዋታው ውስጥ ከሰማይ የሚወርድ የሲሚንቶ አህያ አለ፣ እሱን ራሱ ላይ አውርዶ ኔትወርክ የከሰሰ ሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ)።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ሰሞኑን አንድ ትንሽ ልጅ ገብቶ ነበር፣ ዝምተኛ፣ ጨዋ። ብቻውን ሲለማመድ ከርሞ ነው የመጣው፣ በዚህ ያህል ንፋስ፣ በዚህ አንግል፣ ይሄን ያህል ፓወር ብሎ ደብተር ላይ ጽፎ። ፊውዙን 3 ላይ አድርጎ ቦንቡን ወረወረና መሬት ሳይነካ ሁለት ትሎች መሀል አየር ላይ አፈነዳው፣ እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እነዚህ ንፋስ ከሳሾች ምን አሉ? "ሃክ ነው፣ ሌባ ነው" አሉና ከክፍሉ አስወጡት። አንድ ሰው "ልጄ እንዴት አረግከው?" ብሎ አልጠየቀውም። አሳፋሪ ነው። ሰው በልፋቱ ያወቀውን ነገር ስላላወቃችሁ ብቻ ሌባ ማለት ድፍረት ነው፣ ያውም በልጅ ላይ፣ ያውም እናንተ፣ ምልክቷ የት እንዳለች እንኳ የማታውቁ! ልጁ ተመልሶ አልመጣም፣ ባይመጣም አልፈርድበትም።

በሉ ወደ ምስጋናው። ሞተው የሚያስተኩሱንን ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው። ትሎቻቸው መጀመሪያ ላይ አልቀው፣ እነሱ ግን ጨዋታው እስኪያልቅ አይወጡም፣ ማይክ ላይ ተቀምጠው የሁላችንንም እጅ ይመራሉ። ምክራቸው አንድ ነው፣ "ሙሉ ፓወር!" ጠላት ስክሪኑ ሌላኛው ጫፍ ላይ ቢሆን ሙሉ ፓወር፣ አጠገብህ ቢሆን ሙሉ ፓወር። ባለፈው አንዱ ምስኪን ሰማቸውና ዳይናማይቱን ጠላት ስር አስቀምጦ ሊሮጥ ሲል ጋሼ ከሞተበት ሆኖ "ቁም፣ እዛ አይደርስህም፣ ዝም ብለህ ቁም" አለው። ልጁ ቆመ። ዳይናማይት 75 ይቀንሳል፣ የልጁ ትል የቀረው 60 ምናምን ነበር። ጠላት በረረ፣ ልጁም አብሮ በረረ፣ ሁሉም ዝም አለ፣ ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገና "እንዲህ ተጠግተህ ቁም መች አልኩህ?" አለው።