«አልቋል» የሚል ቤት

ሐሙስ ማታ ነው። ፀሐይዋ ጠልቃለች፣ አስፋልቱ ግን ቀን የጠጣውን ሙቀት ገና አልተፋም። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ በተደረደሩ የላስቲክ ወንበሮች ላይ አምስት ሆነን ተቀምጠናል። አንዱ ባጃጅ ይነዳል። አንዱ ባንክ ይሠራል። አንዱ ዕድሜውን ባቡር ላይ የጨረሰ ጡረተኛ ነው። አንዷ ለሥራ ከአዲስ አበባ የመጣች እንግዳ ናት፤ ሦስተኛ ቀኗ ነው። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ማብሰል የማልችል፣ ስለ ምግብ ማውራት ግን የማላንስ ሰው።

ጭቅጭቁን የጫረችው እንግዳዋ ናት። ክፋት አስባ አይደለም።

«ነገ ምሳ እኔ ልጋብዛችሁ። እዚህ ከተማ ምርጡ ምግብ ቤት የቱ ነው?»

ድሬዳዋ ላይ ይህን ጥያቄ አንድ ሰው ለብቻው ወስደህ ነው የምትጠይቀው። አራት ሰው ፊት ከጠየቅህ ማምሸትህ ነው።

ባንከኛው ቀደመ። ሆቴል ይሻላል አለ። ቬንትሌተር አለ፣ ሰፊ ሜኑ አለ፣ ንጹሕ ሽንት ቤት አለ፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ።

«ደረሰኙን ልትበላው ነው?» አለ ባለባጃጁ።

«እንግዳ ናት እኮ! የትም ወስደህ ታስቀምጣታለህ?»

«አቦ ተወን። ያ ሜኑው ላይ 400 ጽፎ 506 ያስከፈለህ ቤት ነው አይደል የምታወራው?»

ባንከኛው ስልኩን አወጣ። ሒሳብ ላይ አይታማም። 10 በመቶ ሰርቪስ ሲጨመር 440፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት 66፣ ድምር 506። «ልክ ነው፣ ማንም አልሰረቀኝም» አለ። ባለባጃጁ ስሌቱ ላይ ጸብ አልነበረውም። የሱ ጥያቄ ለምን 506 ብሎ መጀመሪያውኑ አይጽፍም የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር የእኔም ጥያቄ ነው። ሰው ርቦት ሲቀመጥ መቶኛ እንዲያሰላ መጠበቅ ግፍ ነው።

ባለባጃጁ የራሱን ቤት አመጣ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ያለ ሩዝ ቤት። ስም የለውም። ወይም አለው፣ ግን ሁሉም የሚጠራው በባለቤቱ ስም ነው።

ድሬዳዋን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልበል። ከተማው የባቡር ልጅ ነው። ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲወጣ ነበር፤ ተራራው ወጪውን ስላከበደው ከሥሩ ሜዳ ላይ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ቦታው «አዲስ ሐረር» ተባለ። ከዚራ በፕላን የተሠራው ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፍ የተተከለበት። መጋላ ከወንዙ ማዶ ራሱን በራሱ የሠራው ነው። ዛሬም ስለ ምግብ ስትከራከር ሳታውቀው ወንዙን ይዘህ ትቆማለህ። ወንዙ ደግሞ አብዛኛውን ዓመት ውኃ የለውም።

እንግዳዋ ሩዝ ቤቱን ስትሰማ ፊቷ ተቀየረ።

«እሱን ቤት ትናንት ሄጄበታለሁ። አንተው ነህ የነገርከኝ። በ8 ሰዓት ደረስኩ። 'አልቋል' አሉኝ። ሽታው እየሸተተኝ! ልጁ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም፣ ድስት እያጠበ ነው።»

«በ8 ሰዓት?» አለ ባለባጃጁ። «ወላሂ በ8 ሰዓት አግኝተሽ ቢሆን ነበር የምፈራልሽ።»

ከዚህ በኋላ ነው ክርክሩ የሞቀው። ባንከኛው ወንበሩን ወደፊት ሳበ። «ይሄ ነው ችግራችን» አለ። «ደንበኛ በሩ ድረስ መጥቶ የሚመልስ ነጋዴ፣ ነጋዴ ነው? ሁለት ድስት አይጥድም?»

«ሁለተኛው ድስት ካልተሸጠ ነገ ለማን ነው የሚቀርበው? ለአንተ ነው!»

ሻይ የምትቀዳው ልጅ ሳትቀር ሳቀች።

ባለባጃጁ ግን እየቀለደ አልነበረም። ቤቱን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ሥጋው የዚያን ቀን ሥጋ ነው። ሩዙ በሥጋው መረቅ ነው የሚበስለው፣ ሄልና ቅርንፉድ ገብቶበት። ድስቱ አንዴ ነው የሚጣደው፣ አንዴ ነው የሚከፈተው። ከ6 ሰዓት በፊት ሄደህ ትጠብቃለህ እንጂ ዘግይተህ ለመድረስ አትሞክርም። ዓርብ ደግሞ ሰው ከጁምዓ ሲወጣ በአንድ ጊዜ ይሞላል። አንድ ሳህን ሩዝ፣ ከጎኑ ሙዝ፣ አረንጓዴ ቢስባስ፣ የቃሪያ ማባያ ማለት ነው፣ በትንሽ ሳህን። ቢስባሱ ያቃጥላል፤ ያለ እሱ ግን ያ ሩዝ ጎደሎ ነው። በ8 ሰዓት ከተማው ሱቁን ዘግቶ ጥላ ይፈልጋል። ድስቱም ይታጠባል።

እዚህ ላይ እኔም ዝም ማለት አልቻልኩም። አንድ ቀን በተራዬ «ሰፊ ሜኑ» ያለው ቤት ገብቼ ነበር። ስሙ ይቅር። ሜኑው ስምንት ገጽ ነው፣ ላስቲክ የተለበጠ፣ የአውሮፓ ምግብ ፎቶ ያለበት። ዓሣ አዘዝኩ። 55 ደቂቃ ጠበቅሁ። ደቂቃውን የማውቀው ሌላ የማደርገው ስለሌለኝ ሰዓቴን እያየሁ ስለነበር ነው። ከዚያ አስተናጋጁ መጣና «ዓሣ የለም፣ ሩዝ በሥጋ ላምጣልዎት?» አለኝ። አምጣ አልኩ። ርቦኛል። ሩዙ በአራት ደቂቃ ደረሰ። ዳር ዳሩ ያቃጥላል፣ መሃሉ በረዶ ነው። የትናንት ሩዝ መሆኑን ለማወቅ የወጥ ቤት ሰው መሆን አያስፈልግም።

«እሱ ቤቱ ነው፣ ሆቴል ሁሉ እንደሱ አይደለም» አለ ባንከኛው። ልክ ነው። ከዚራ ውስጥ አንድ ሳህን ፓስታ አስተካክለው የሚሠሩ ቤቶች አሉ። ግን እነሱም ቢሆኑ ፓስታ ነው የሚሠሩት። ስምንት ገጽ አይደለም።

ጡረተኛው እስከዚህ ድረስ ሻሂውን እያማሰለ ዝም ብሏል። እንግዳዋ አዘነችለት መሰለኝ። «ጋሼ፣ እርስዎስ የት ይመርጣሉ?» አለችው።

«ልጄ፣ 'አንተ' በይኝ» አለ። «'እርስዎ' ስትይኝ የሞትኩ ይመስለኛል።»

ደነገጠች። ድሬዳዋና ሐረር ሽማግሌ «አንተ» እንደሚባል ሰምታ ነበር፤ ሰውን ፊት ለፊት ማለት ግን አቃታት። ባለባጃጁ፣ የልጅ ልጁ የሚሆነው፣ «አንተ እኮ ለጥርስህ የሚሆን ነው የምትፈልገው» ብሎ አሳያት።

ጡረተኛው ወደ ጉዳዩ ገባ። «ለመሆኑ ነገ ምንድነው?»

ዝም አልን። ነገ ዓርብ ነው።

«እኔ እጾማለሁ» አለች እንግዳዋ፣ ያጠፋች ይመስል ቀስ ብላ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ሥጋ ተጨቃጭቀናል። ጋባዧ አትበላም። ከበላችም፣ ባለባጃጁ የሚበላበት ቤት እሷ ሥጋ አትበላም፣ እሷ የምትበላበት ቤት እሱ አይበላም። በሀገራችን ሁለት ሥጋ ቤት፣ ሁለት ወጥ ቤት አለ። ድሬዳዋም አለ። የፍቅር ከተማ ስለተባለ ሥጋው አንድ አልሆነም። የድሬ ሰው ያገኘው መላ ሌላ ነው፤ አብሮ መብላት ሲፈልግ ሥጋ የሌለበት ቤት ይሄዳል። እኔ ከልጅነት ጓደኞቼ ጋር የበላሁትን ምግብ ብትቆጥሩት አብዛኛው ፉልና ፈጢራ ነው። ማንም «ለምን?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። በቃ ወደዚያ ነው የሚኬደው።

ጡረተኛውም ያለው ይህንኑ ነው። «ምሳውን ተዉት። ጠዋት ፉል ብሉ። ለእሷ እንቁላልና እርጎ ሳይገባበት፣ በዘይት። ፈጢራውም ያለ እንቁላል፣ በማር።»

«ፉል ለእንግዳ?» አለ ባንከኛው። «አዲስ አበባ ፉል የለም ወይ?»

«አለ» አለች። «ግን አያጠግበኝም፣ ጥሬ ጥሬ ይለኛል።»

ጡረተኛው እንደ መምህር ጣቱን አነሣ። የድሬዳዋ ውኃ ድንጋይ አለበት አለ። እውነት ነው። የእኔ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ሆኗል፤ በማንኪያ ስፍቀው እንደ ኖራ ይረግፋል። እንዲህ ያለ ውኃ ባቄላ አያበስልም፤ ልጣጩን ያጠነክረዋል። ስለዚህ እዚህ ፉል የሚያውቅ ሰው አይቸኩልም። ባቄላውን ዘፍዝፎ፣ ማታ ጥዶ፣ ረመጥ ላይ ያሳድረዋል። ሲነጋ በማንኪያ ጀርባ ስትጫነው ይሟሟል። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ከሙን፣ ዘይት፣ ትኩስ ዳቦ። «ሲያልቅ ደግሞ አለቀ ነው» አለ። «ሌላ ድስት ማለት ሌላ ሌሊት ማለት ነው።»

ባለባጃጁ ባንከኛውን አየው። ባንከኛው ሻሂውን አየ።

ፈጢራም እንዲሁ ነው። ሳልራብ ሠሪውን ለማየት ብቻ የቆምኩበት ጊዜ አለ። ዘይት ከተነከረ ትሪ ላይ ጡጫ የምታህል ሊጥ ያነሣል። ብረት ጠረጴዛው ላይ በመዳፉ ይደፈጥጣታል። ጠርዟን ይዞ አየር ላይ ያንሳፍፋትና ጧ! ያደርጋታል፤ ስትወርድ ሁለት እጥፍ ሰፍታለች። ሦስት አራቴ ሲደግመው እንደ ነጠላ ትሳሳለች፣ የጠረጴዛው ጭረት በሥሯ ይታያል። እንቁላል ያዘዘ ካለ መሃሏ ላይ ይሰብርበታል። በአራት ማዕዘን ያጥፋትና ምጣዱ ላይ ይጥላታል። ስትበስል ከትክቶ ማር ያፈስባታል። ይህ ሰው ትሪው ባዶ ሲሆን ጣጣ የለውም፣ እጁን ይታጠባል። ሊጥ ሳያርፍ ብትዘረጋው ይቀደዳል። እየለመንከው እንኳን አያርፍም።

መሃል ላይ ሐረር እንውጣ የሚል ሐሳብም ተነሥቶ ነበር፤ ባለባጃጁ ነው ያመጣው፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ። የደንገጎን ዳገት በባጃጅ ታወጣናለህ ወይ ሲባል ተወው።

ባንከኛው ግን እጅ አልሰጠም፤ ለዚህም አከብረዋለሁ። «እሺ፣ ምግቡን ልቀበላችሁ» አለ። «እጅ መታጠቢያው ጋ አንድ ጀሪካን፣ ሳሙናው ያለቀ። ቬንትሌተር የለ። እናቴን ይዤ በሰኔ እዚያ ልቀመጥ? ሽንት ቤት ስትለኝ የት ልውሰዳት?»

ይህን የሚመልስ አልተገኘም። ባለባጃጁ «እናትህን ቤት አብላት» ሊል ጀመረና ጡረተኛው ሲያየው ዋጠው።

ሒሳብ ልንከፍል ስንነሣ እንግዳዋ ወደ ጡረተኛው ዞረች። ትንሽ ተናነቃት። «ታዲያ… አንተም ትመጣለህ አይደል?» አለችው። እሱ ጥርስ በሌለው አፉ እስኪበቃው ሳቀ።

አሁን የእኔን ፍርድ ልስጥ። የምበላው በራሴ ገንዘብ ስለሆነ መብት አለኝ።

በምግቡ ከባለባጃጁ ጋር ነኝ። አዲስ ቤት ስገባ የማየው ሜኑውን አይደለም፣ ምን እንዳለቀ ነው። በ8 ሰዓት ተኩል ሁሉም ነገር «አለ» ከተባልኩ ሻይ ጠጥቼ እወጣለሁ። «አልቋል» የሚል ቤት ግን ነገ ቀደም ብዬ እመለስበታለሁ፤ ትናንት የተረፈ እንደማያቀርብልኝ ነግሮኛል። ባንከኛው ሁለት ድስት የሚለው የባንክ ሐሳብ ነው። ብር ቢያድር አይበላሽም።

ግን «አልቋል» በር ላይ ይባል። ድስት እያጠቡ፣ ቀና ሳይሉ ሳይሆን፣ ሰው ዓይን እያዩ። «ነገ በ6 ሰዓት ና» ቢባልበት ደግሞ ምን አለበት? እንግዳዋን ያስቀየማት ሩዙ ማለቁ አይመስለኝም። ሳሙናም ይገዛ። ድስቱ በቀን ሁለት ሰዓት የሚሠራ ቤት ለሳሙና ጊዜ አጣሁ ሊለኝ አይችልም። በዚህ ባንከኛው ረትቷል። እናቴ ስትመጣ እኔም ሆቴል ነው የምወስዳት፤ ፓስታ አዝዤ፣ ቬንትሌተሩ ሥር፣ መቶኛውን አስልቼ።

ለነገ ግን ተቀጣጥረናል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፣ ባጃጁ እንግዳዋን ከማደሪያዋ ይወስዳታል። ባንከኛው በ2 ሰዓት እደርሳለሁ ብሏል። አንድ ሳህን አስቀምጡልኝ ብሎ አደራ ብሎናል። ባለባጃጁ ምን ብሎ እንደመለሰለት መቼም ይገባችኋል።