ወደ ኤንትሬ አገር ከአባቴ ጋር

ውጭ አገር የምንኖር ልጆች ወላጆቻችንን ስናስመጣ ሁልጊዜ ሥራ እናዘጋጅላቸዋለን። ልጅ ተወልዶ እናት አራስ ልትጠይቅ ትመጣለች፤ አለበለዚያ ሠርግ አለ፣ አለበለዚያ ሕክምና አለ። በዋሽንግተንም በስቶክሆልምም በማውቃቸው ቤቶች፣ እኔ በምኖርበት በሙኒክም ነገሩ ያው ነው። እናት ገንፎ ታገነፋለች፣ ሕፃን ታዝላለች፣ ልጇ ከሥራ እስኪመለስ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ በመስኮት ታያለች። ሦስቱ ወር ሲያልቅ ሻንጣዋ ተሞልቶ ትሸኛለች። ሰፈሯ ገብታ «አገሩ እንዴት ነው?» ተብላ ስትጠየቅ የምታወራው ስለ ብርዱ ነው፤ ሌላ ያሳየናት ነገር የለማ።

ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የቤት ኪራዩና የሥራ ፈረቃው እንዴት እንደሚያጣድፍ አውቃለሁ። አባቴ ግን ከፋሲካ በኋላ ሲመጡ የሚጠብቃቸው ሥራ እንዳይኖር ወስኛለሁ። ጣሊያንን ልናይ ነው፤ እርሳቸውና እኔ ብቻ። አብረን ለማየት ብለን ብቻ የምንሄደው ጉዞ የመጀመሪያችን ነው።

መተዳደሪያዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። የምገባባቸው ክፍሎች ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ ጣሊያን የተነሡ ናቸው፤ ሪሚኒ የባሕር ዳርቻ፣ ጋርዳ ሐይቅ፣ ቬኒስ ድልድይ ላይ። ጦርነቱ አልፎ ኑሮ ሲቃና፣ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ጀርመኖች በትንንሽ ቮልስዋገን ተጭነው የአልፕስን ተራራ በሚያሻግረው በብሬነር በር ወደ ጣሊያን ይጎርፉ ነበር። ዛሬ የማስታምመው ያንን ትውልድ ነው። አሁንም ጡረታ የወጣ ጀርመናዊ ልጁን ሳይጠብቅ በአውቶቡስ ተሳፍሮ ይሄዳል፤ ይህን ነፃነታቸውን ከልቤ አከብራለሁ። ብዙም የማላየው ወላጅና ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጅ አብረው ሲጓዙ ነው። ለሥራ ባልደረቦቼ ዕቅዴን ስነግራቸው ጣሊያን መሄዴ አላስደነቃቸውም፤ ያስደነቃቸው ከአባቴ ጋር ለዚያን ያህል ጊዜ አብሬ መዋል ማደሬ ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ አብሮ መዋልና ማደር የሚያስደንቅ ነገር አይደለም፤ የሚያስደንቀው ያለ ምክንያት መሄድ ነው። የወላጆቻችን ትውልድ መንገድ አያውቅም ማለቴ አይደለም። ለቁልቢ ገብርኤል፣ ለግሸን ማርያም፣ ለገና ላሊበላ ስንት ሰው ስንት ቀን ተጉዟል! ግን ስለት አለ፣ ንግሥ አለ፣ አለበለዚያ ለቅሶ አለ። አገር ለማየት ብቻ ብር ማውጣት ለብዙ ወላጆች ከብክነት ይቆጠራል። ስለዚህ «ላዝናናዎት» ቢባሉ እንቢ ይላሉ፤ «የሚያዩት ነገር አለ» ቢባሉ ግን ያዳምጣሉ። አባቴም ያዳመጡኝ በዚህ በኩል ነው።

አባቴ የኤንትሬ፣ የጣሊያኑ ፊያት የጭነት መኪና፣ ሾፌር ነበሩ። ከአዲስ አበባ ተነሥተው ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማበርን፣ ኮምቦልቻን፣ ባቲንና ሚሌን አልፈው አሰብ ይወርዱ ነበር፤ ከወደቡ ጭነው ያንን ሙቀት ትተው መልሰው ወደ ደጋ ይወጣሉ። ይህ ኑሯቸው እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ጦርነቱ ተነሥቶ የአሰብ መንገድ እስኪዘጋ ዘለቀ። የአባቴ ፎቶግራፍ ሪሚኒ ላይ የተነሣ አይደለም፤ ኮምቦልቻ ላይ፣ አንድ እጃቸውን የኤንትሬዋ በር ላይ አድርገው፣ ረዳታቸው ከኋላ ተሳቢው ላይ ተቀምጦ የተነሣ ነው።

«አባዬ፣ ጣሊያን ምን ማየት ይፈልጋሉ?» ብዬ በስልክ ጠየቅኋቸው። ኮሎሲየምን፣ ወይም የጴጥሮስንና የጳውሎስን መቃብር ይሉኛል ብዬ ነበር።

«ስሚ ልጄ፣ ቶሪኖን አሳዪኝ» አሉ። «ኤንትሬ የመጣችበትን አገር።»

እያንዳንዱ የጉዞ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድን ሰው በሮም፣ በፍሎረንስና በቬኒስ ነው የሚያዞረው። ቶሪኖ በሰሜን ምዕራብ ጥግ ናት፤ ብዙ ጎብኚ ይዘልላታል። የእኛ ጉዞ ግን ዙሪያውን በእርሷ ተሠራ። ከሙኒክ በባቡር በብሬነር በኩል ቬሮና እንወርዳለን፤ ከዚያ ሚላኖ፤ ከሚላኖ ቶሪኖ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። አውሮፕላን ይቀል ነበር። ነገር ግን አባቴ የአልፕስን መንገድ በዓይናቸው ማየት አለባቸው። ፊያት 682 የተባለውን ከባድ መኪና ማምረት የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኤንትሬ የዚያ ዘር ናት። የጣሊያን ከባድ መኪኖች መሪ ለረጅም ዘመን በቀኝ በኩል ይደረግ የነበረው ሾፌሩ ጠባብ የተራራ መንገድ ላይ የገደሉን ጠርዝ አጥርቶ እንዲያይ ነው። አባቴ ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ጣርማበር ላይ ተረድተውታል። የብሬነር በር ከፍታው 1,370 ሜትር ብቻ መሆኑን ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና «ታዲያ እኛ ከ3,000 በላይ ነበር የምንወጣት» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ኩራት የትኛውም ሐውልት ሊሰጣቸው አይችልም።

ቶሪኖ ውስጥ ሊንጎቶ የሚባለው የፊያት አሮጌ ፋብሪካ አለ። በ1923 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ነው፤ መኪናው ከታች ተጀምሮ ፎቅ በፎቅ እየተገጣጠመ ይወጣና ጣሪያው ላይ በተሠራው ጎዳና ይሞከር ነበር። ፋብሪካው በ1982 ተዘግቶ ዛሬ ሱቅ፣ ሆቴልና የሥዕል ማሳያ ሆኗል፤ ጣሪያው ላይ ግን በእግር መዞር ይቻላል። ሊንጎቶ የሚታወቀው በትንንሽ መኪኖች እንጂ በኤንትሬ እንዳልሆነ ለአባቴ አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ቅር አላላቸውም። እዚያው ከተማ ብሔራዊ የመኪና ሙዚየምም ስላለ አንድ ሙሉ ቀን ያለ ሌላ ቀጠሮ ለቶሪኖ ትቼላቸዋለሁ።

ስለ ቪዛው ሳልናገር አላልፍም። የሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው ብዙ ቀን የሚቆዩበትን አገር ነው፤ አባቴ አብዛኛውን ጊዜ እኔ ዘንድ ስለሚሆኑ ማመልከቻው ለጀርመን ይገባል፤ በእርሱው ጣሊያን ይገባሉ። እኔ የምኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤት ቀርቤ ወጪያቸውን ሁሉ እንደምሸፍን ግዴታ እገባለሁ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድን፣ 90 ዩሮ የማመልከቻ ክፍያ፣ አሻራ፣ የባንክ መግለጫ፣ የቤት ካርታ ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ይሟላል። የሚከብደኝ ወደ አገራቸው እንደሚመለሱ ማስረጃ አቅርቡ መባላቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሄደው የተመለሱ ሰው ናቸው። የጭነት ደረሰኙን፣ ረዳቱንና መኪናውን ይዘው፣ ጎርፍ መንገድ ቆርጦም፣ ጥይት እየተተኮሰም ተመልሰዋል። የሥራ ባልደረባዬ ጠዋት መታወቂያ ወረቀቷን ኪሷ ከትታ ተነሥታ ምሳዋን ጣሊያን ትበላለች። ሁለቱም ሰዎች ናቸው፤ ልዩነቱን ለምጄ እንዳልረሳው እፈልጋለሁ።

ጊዜውን የመረጡት አባቴ ናቸው። የዘንድሮው ፋሲካ ቀደም ብሎ ስለሚውል ጉዟችን በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ይወድቃል። በእነዚያ ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም የምግብ ነገር አያስጨንቀንም፤ ሙቀቱም ገና አልከረረም። በጾም ወቅት ወላጃችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ግን አትፍሩ፤ ጣሊያን ለጿሚ ከጀርመን ይልቅ የተመቸ አገር ነው። ፒሳ ማሪናራ አይብ የለውም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ነው። የሽምብራና የባቄላ ሾርባ በየቦታው ይገኛል፤ ሥጋ ወይም አይብ እንዳልገባበት መጠየቅ ነው። ፓስታው ላይ ብቻ ተጠንቀቁ፤ ደረቁ ፓስታ አብዛኛውን ጊዜ ስንዴና ውሃ ሲሆን፣ በተለይ በቦሎኛ አካባቢ በእጅ የሚሠራው ትኩስ ፓስታ እንቁላል አለበት። እንጀራ ለናፈቀው ደግሞ ሚላኖ ፖርታ ቬኔዚያ ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። አባቴ እዚያ አንድ ምሽት ይፈልጋሉ፤ ለእንጀራው ብቻ አይደለም። አሰብ የለመዷቸው ሰዎች ከመንገዱ መዘጋት በኋላ የት እንደ ደረሱ አያውቁም፤ የአሰብ ሰው ካገኙ ሊጠይቁ ነው።

ከቶሪኖ ሮም ከአራት ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ባቡር እንደርሳለን። እዚህ ላይ አባቴ ሌላ ነገር አዘዙ፤ ሚያዝያ 27 ሮም እንድንሆን። የድል በዓላችን ቀን ነው። የአባታቸው ወንድም በአርበኝነት ዘመን ሞተዋል፤ ከዚህ በላይ በስልክ አልነገሩኝም፤ እኔም አልገፋሁም። ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ የሚወጣ ሁሉ የሚረግጠው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1887 እ.ኤ.አ. በዶጋሊ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው። በቅርብ ርቀት የመታሰቢያ ሐውልታቸው አለ። የዘርዓይ ደረስ ታሪክም ከዚያው ቦታ ጋር የተያያዘ ነው። በየቀኑ ሻንጣ እየጎተተ የሚያልፈው ስንቱ ያውቃል? የእኛም ልጆች እዚያ ቆመው ፎቶ ሲነሡ አይቻለሁ፤ ቢነገራቸው ፎቶው ሌላ ይሆን ነበር።

ከዚያ ፖርታ ካፔና እንሄዳለን። በ1937 እ.ኤ.አ. የተወሰደው የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚያ፣ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ነበር። ሕንፃው ራሱ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ታስቦ የተጀመረ ነው። በ1947ቱ የሰላም ውል እንዲመለስ ተፈርሞ፣ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም የደረሰው በ2005፣ ተተክሎ የተመረቀው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። አንዳንድ ወዳጆቼ «ምንም በሌለበት ባዶ ቦታ ሽማግሌ ማንከራተት ለምን?» ይሉኛል። ባዶ መሆኑ ነው የሚታየው። ሐውልቱ እዚያ ስለሌለ ደስ የሚለው ሰው ነው ይዤ የምሄደው።

ቫቲካን ውስጥም የእኛ የሆነ አለ፤ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ፣ ከጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የሐበሻ መነኮሳት ያረፉበት ቤተ ክርስቲያን። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 49 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ሮም ላይ ያሳተሙት እዚያ ሆነው ነው። ቦታው በአትክልቱ ክልል ስለሆነ ጉብኝቱ አስቀድሞ መያዝ አለበት። ነጠላ ለሚለብስ ወላጅ የአለባበስ ሕጉ አያስቸግርም፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ነው።

ፍሎረንስን ግማሽ ቀን ብቻ ሰጥቻታለሁ። የካቴድራሏ ጉልላት 463 ደረጃ አለው፣ አሳንሰር የለውም፤ የአባቴ ጉልበት ደግሞ ዕድሜውን በፍሬንና በፍሪሲዮን ላይ ጨርሷል። በየቀኑ ከምሳ በኋላ እናርፋለን። ጣሊያኖችም በብዙ ከተሞች ያን ሰዓት ሱቃቸውን ይዘጋሉ። ማታ ግን ሽማግሌው፣ ጎረምሳው፣ ሕፃኑ ሁሉ አደባባይ ወጥቶ ይንሸራሸራል፤ በዚህ ጣሊያን ከሙኒክ ይልቅ ለእኛ ሰፈር ይቀርባል፤ ሽማግሌ ደጅ መቀመጡን ማንም እንደ ብቸኝነት አያይበትም። እዚያም ቢሆን ግን ብዙ አረጋውያንን የሚደግፉት ከሩማንያ፣ ከዩክሬን፣ ከፔሩ የመጡ ሴቶች ናቸው፤ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእኛም እህቶች በጣሊያን ቤቶች ውስጥ በዚህ ሥራ ኖረዋል። የሰው አባት ሲደግፉ የራሳቸውን አባት በስልክ ብቻ ያስታመሙ ብዙ አውቃለሁ። እኔም ከእነርሱ አንዷ ነኝ። ይህ ጉዞ ለሚቀጥለው ዓመት የማይተላለፈው ስለዚህ ነው፤ ሰማንያ ዓመት ያለፈው ጉልበት በአንድ ክረምት ውስጥ ምን ሊሆን እንደሚችል በየቀኑ አያለሁ።

ስለ ገንዘብ ተነጋግረናል። ብዙ ልጆች ወላጅ ዩሮውን በብር እየመታ እንዳይጨነቅ ዋጋ ይደብቃሉ። እኔ አልስማማም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ያወራረደ ሰው መደበቁ ያሳንሰዋል። ባቡሩንና ሆቴሉን ቀድሜ ከፍያለሁ፣ ስንት እንደሆነም ነግሬያቸዋለሁ። እርሳቸው ደግሞ ቪዛና ትኬታቸውን ይዘው ከባንክ በሚገዙት ዩሮ ቡናውን ሁሉ ይጋብዛሉ። ጣሊያን ውስጥ ማኪያቶ ባንኮኒው ጋ ቆመው ሲጠጡት ብዙ ጊዜ ከጠረጴዛው ይረክሳል፤ ቆሞ መጠጣቱን ከሾፌርነታቸው ጀምሮ ለምደውታል።

ያልተስማማነው በቬኒስ ነው። «መኪና በማይገባበት ከተማ ምን አደርጋለሁ?» አሉኝ። የወንጌላዊው ማርቆስ ዐፅም በ828 እ.ኤ.አ. ከእስክንድርያ ተወስዶ እዚያ እንዳረፈ፣ በ1968 ከፊሉ ለግብፅ ቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ካይሮ ለአዲሱ ካቴድራል ምረቃ እንደተገኙ ነገርኳቸው። መንበረ ማርቆስን ከልጅነታቸው ሲሰሙ ያደጉ ሰው ናቸውና ለመሳለም ፈቀዱ። ማደሩን ግን እንቢ ብለዋል፤ አልጋው ከሌላው ከተማ እጥፍ እንደሚያስከፍል ስለሰሙ ጠዋት ገብተን ማታ እንውጣ ይላሉ። እኔ ደግሞ የቀን ጎብኚው ሁሉ ሲሄድ ከተማዋ ጸጥ ስትል አብሬያቸው በእግር መሄድ እፈልጋለሁ። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ እደውላለሁ፤ ከዚያ በፊት ጣቢያው አጠገብ ርካሽ ክፍል ካገኘሁ ክርክሩ ለእኔ ይቀልልኛል።