ደሴ ላይ ጨዋታው የሚያልቀው ሲነጋ ነው

ከሚያዝያ መግቢያ እስከ ሰኔ አጋማሽ ያለውን ጊዜ ዓመቱን ሙሉ እጠብቀዋለሁ። የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ኤንቢኤ፣ 82ቱን የመደበኛ ወቅት ጨዋታዎች ጨርሶ ወደ ፕሌይኦፍ የሚገባው ያኔ ነው። 16 ቡድኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጋጠማሉ፤ ከሰባት ጨዋታ ቀድሞ አራት ያሸነፈ ያልፋል። ዋንጫ የሚያነሳው ቡድን በአራት ዙር 16 ጊዜ ማሸነፍ አለበት። ስለዚህ አንድ መጥፎ ምሽት ብቻውን ማንንም አይቀብርም። ዛሬ የተዋረደው ቡድን ከነገ ወዲያ ከዚያው ባላጋራው ጋር ይገናኛል። ባለፈው እንደ ልቡ ሲያስቆጥር ያመሸው ልጅ አሁን ሁለት ተከላካይ ይመደብበታል፤ ወንበር ሲያሞቅ የከረመው ተቀያሪ ተነስቶ ጨዋታውን ይገለብጠዋል። እኔን የሚያስደስተኝ ይህ መተዋወቅ ነው። አምስተኛው ጨዋታ ላይ ሲደርሱ ሁለቱ ቡድኖች አንዱ የሌላውን ልብ ያውቃል፤ ተመልካቹ ደግሞ የሁለቱንም።

ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ከዋሽንግተን አጠገብ። ፕሌይኦፉን በሁለቱም አገር አይቼዋለሁና የታዘብኩትን ልናገር።

እዚህ ሰዓቱ ይመቻል። ከሥራ ገብተህ፣ እራት በልተህ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሶፋህ ላይ ትቀመጣለህ። ያው ጨዋታ ደሴ የሚደርሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ነው። ምቾቱ ያለው እዚህ፣ ጨዋታውን ከልብ የሚያየው ሰው ግን ያለው እዚያ ሆኖ አገኘሁት። በሥራ ቦታዬ “ትናንት አየኸው?” ብለህ ብትጠይቅ አብዛኛው “አዎ” ይልሃል። ያየው ግን ጠዋት ባቡር ውስጥ በስልኩ የሁለት ደቂቃ ቅንጭብ ነው። ከፍሎ የገባው እንኳ የማይጨርስበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ማያሚ በሜዳው በሳን አንቶኒዮ ሲመራ፣ ዋንጫው ሄደ ብለው ብዙ ደጋፊዎች ሳያልቅ ወጡ። 5.2 ሰከንድ ሲቀር ሬይ አለን ከጥግ ሦስት ነጥብ አስቆጥሮ አቻ አደረገ። ከወጡት አንዳንዶቹ ተመልሰው ለመግባት በር ላይ ሲለምኑ ታዩ። ማያሚ በተጨማሪ ሰዓት አሸነፈ፣ ሰባተኛውንም አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ።

በ2008 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ደሴ ነበርኩ። ክሊቭላንድ ከጎልደን ስቴት የፍጻሜውን ሰባተኛ ጨዋታ የሚጫወቱበት ሌሊት ረመዳን ነበር። አክስቴ ሙስሊም ናት፣ እናቴ ክርስቲያን፤ ወሎ ውስጥ ይህ ለማንም ብርቅ አይደለም። ጨዋታው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሲጀመር ቤቱ በሙሉ ለሱሁር ነቅቷል። ላፕቶፑን ሣጥኑ ላይ አቁመን፣ እኛ ጋቢ ተከናንበን፣ ጾመኞቹ እንጀራቸውን በችኮላ እየበሉ እናያለን። የጦሳ ብርድ ሰኔም ቢሆን አይለቅም። አክስቴ ሻይ እየቀዳች ስክሪኑን አየችና “እንዲያው እነዚህ ልጆች ሌላ የሚገጥማቸው ጠፋ ወይ?” አለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያንኑ ማሊያ ስላየች ነው። የአክስቴ ልጅ አስረዳት፦ ክሊቭላንድ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች በድምሩ በ48 ነጥብ ልዩነት ተሸንፎ፣ ከዚያ ሦስት ለአንድ ተመርቶ፣ አሁን ሦስት እኩል ሆነዋል። በፍጻሜ ከሦስት ለአንድ ተነስቶ ያሸነፈ ቡድን የለም። “እንግዲያው እኔ ከተመሩት ጋር ነኝ” ብላ ተቀመጠች።

ኢንተርኔቱ ይቆራረጥ ነበር። ምስሉ በቆመ ቁጥር ክርክር ይነሳል፤ ኳሱ ለማን ሊሰጥ ነው፣ የጎልደን ስቴቱን ከሪን ማን ይያዘው፣ የክሊቭላንዱ ሌብሮን ራሱ ይገባል ወይስ ያቀብላል። ምስሉ ሲመለስ አንዱ ትክክል ሆኖ ይገኛል፤ ያ ሰው እስከሚቀጥለው መቆራረጥ ድረስ የቤቱ አሰልጣኝ ነው። በእረፍት ሰዓት ጎልደን ስቴት 49 ለ 42 ይመራል። በሦስተኛው ሩብ የሱብሂ አዛን ከየመስጊዱ ተሰማ፤ ልጆቹ ሰግደው ሲመለሱ “ስንት ለስንት?” እያሉ ነው የገቡት። ከዚያ 89 እኩል ላይ ተጣበቀ። ለብዙ ደቂቃ የሚያስቆጥር ጠፋ። ሌብሮን ከኋላ ሮጦ የጎልደን ስቴቱን ኢጉዳላ ኳስ ሰሌዳው ላይ ሲያጣብቀው አክስቴ ብድግ ብላ ነበር። 53 ሰከንድ ሲቀር ካይሪ ኧርቪንግ ከሪ ፊቱ ቆሞ ሦስት ነጥብ አገባ። በመጨረሻ ክሊቭላንድ 93 ለ 89 አሸነፈ። ክሊቭላንድ ከተማ በትልልቆቹ ሊጎች እ.ኤ.አ. ከ1964 ወዲህ ዋንጫ አላየችም ነበር፤ በር ስንከፍት ደግሞ ደሴ ነግቷል።

እውነተኛው ጨዋታ የቀጠለው ከዚያ በኋላ ነው። ፒያሳ ወርደን አንድ ቡና ቤት ውስጥ ያንኑ 53 ሰከንድ ለግማሽ ቀን ፈታነው። በየጨዋታዎቹ መካከል ያሉት ባዶ ቀናት እዚያ ባዶ አይደሉም። እዚህ ያንን ክፍተት የቴሌቪዥን ተንታኞች ይሞሉታል፤ ጎበዞች ናቸው፣ እወዳቸዋለሁም፣ ግን መልሰህ ልትከራከራቸው አትችልም። የወሎ ሰው አቦልን ጠጥቶ አይነሳም፣ ቶናም በረካም አለ፤ ሰባት ጨዋታ ያለው ውድድርም እንደዚያ ላለ ሰው የተሠራ ይመስለኛል።

ለአሜሪካም ልፍረድላት። አዳራሹ ውስጥ ያለውን ነገር የትም ሆነህ በስክሪን አታገኘውም። የእኔ ቡድን ዋሽንግተን ዊዛርድስ ነው። ዋንጫ ያነሳው አንድ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ከ1979 ወዲህ ደግሞ ከዋንጫው ፍጻሜ በፊት ላለው ለምድቡ ፍጻሜ እንኳ አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ2017 ከቦስተን ጋር ስድስተኛውን ጨዋታ ሲጫወት፣ ትኬቱ ሰማይ ቢነካም ገባሁ። የቦስተን ልጆች የዋሽንግተንን ቀብር ሊያስፈጽሙ ይመስል ጥቁር ለብሰው ነበር የመጡት። 3.5 ሰከንድ ሲቀር ጆን ዎል አቬሪ ብራድሊ ፊት ለፊቱ ቆሞ ሦስት ነጥብ አገባና 92 ለ 91 አሸነፍን። ወለሉ እግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ ዎል የውጤት መዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ይጮኻል፤ የማላውቀው ሽማግሌ አንገቴን አቅፎ ያለቅሳል። ስወጣ ከአዳራሹ አጠገብ ባለው የመኪና ማቆሚያ የሚሠሩት አበሾች በሬዲዮ ሰምተው ኖሮ “አየኸው? በዓይንህ አየኸው?” እያሉ ከበቡኝ። ባቡር ሳልሳፈር ከደሴ ተደወለ። ሰባተኛውን ቦስተን ላይ 115 ለ 105 ተሸነፍን፤ ኬሊ ኦሊኒክ የሚባል ተቀያሪ ተነስቶ 26 ነጥብ ጣለብን። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር፣ ደሴ ውስጥ ለእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ዲኤስቲቪ ቤቱ ሁሉ ጢም ሲል፣ ለቅርጫት ኳስ ሌሊት በሩን የሚከፍት አለመኖሩ ነው። በስልካቸው ብቻቸውን የሚያዩ ልጆች በየሰፈሩ አሉ። ለፍጻሜው ሌሊቶች ብቻ እንኳ አንድ ቤት ቢከፈት ይሞላል ብዬ አምናለሁ።

የአክስቴ ልጅ አሁን ለሥራ ኮምቦልቻ ወርዷል፤ በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሥራው ሌሊት መንቃት ስለማይፈቅድለት ጨዋታውን የሚያየው ማታ ሲገባ ነው። ስለዚህ ቃል ኪዳን አለን፦ “ጋሼ፣ በአላህ፣ ውጤት እንዳትነግረኝ።” ቀኑን ሙሉ ስልኩን አይከፍትም፣ እኔም አልደውልም። በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ኦክላሆማ ሲቲና ኢንዲያና ሰባተኛውን ሲጫወቱ ይህ ዝምታ በጣም ከበደኝ። የኢንዲያናው ታይሪስ ሃሊበርተን በመጀመሪያው ሩብ ሦስት ባለሦስት ነጥብ አግብቶ፣ ገና እያቀጣጠለው ሳለ የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ ወለሉን በእጁ እየደበደበ ወደቀ። ኦክላሆማ 103 ለ 91 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። እኔ ይህን ሁሉ ይዤ እስኪመሽለት ጠበቅሁ።

በመጨረሻ ሲደውል ስለ ዋንጫው አላነሳም። “ልጁስ? ይድናል?” አለኝ። ያኔ የማውቀው የለኝም ነበር፤ ቀዶ ጥገና ማድረጉንና የሚቀጥለውን የውድድር ዘመን በሙሉ እንደማይጫወት በኋላ ስሰማ መልሼ ደወልኩለት። እሱ ግን በዚያው ምሽት ወደ ሁለተኛው ሩብ ተመልሶ ነበር፦ ኢንዲያና ያለ ሃሊበርተን እረፍት ላይ 48 ለ 47 እየመራ እንዴት ወጣ፣ ከእረፍት በኋላስ ኦክላሆማ ምን ቀየረ? ካርዱ እስኪያልቅ በዚህ ተከራከርን።