«ሰውማ ኖርማል ነው» አትበሉኝ

ደብረ ብርሃን የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ አዲስ ጌም ሊጀምር ሲል አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር። ዘር ምረጥ ይለዋል፤ ኤልፍ አለ፣ ድዋርፍ አለ፣ ኦርክ አለ (የፈረንጅ ተረት ፍጥረታት ናቸው)፣ ከሁሉም መጨረሻ ሰው አለ። (ዘር የሚለው ቃል እኛ ሀገር ላይ ከባድ ነው፣ እዚህ ጋ ግን የፍጥረት ዓይነት ለማለት ነው፣ ስለዚህ ፍጥረት እያልኩ ልቀጥል።) ልጁ ኤልፉን መረጠ። ለምን ሰው አትሆንም ስለው «ሰውማ ኖርማል ነው ጋሼ፣ ምንም የለውም» አለኝ።

ይሄ ነገር ከዛን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ልጁ ጥፋት የለበትም፣ እንደዛ አድርገው የሰጡት ነው። ኤልፉ ረጅም ዕድሜና የንስር ዓይን አለው፣ ድዋርፉ ጉልበት አለው፣ ሰው ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ቆንጠር ተደርጎለት ይሰጣል። ሳይንስ ፊክሽኑም ያው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የጀመረውን ስታር ትሬክ የሚባል የቴሌቪዥን ድራማ ብታዩ የቩልካን (የሌላ ፕላኔት ፍጥረት) ዘር ያለበት ስፖክ ከሰው ይበረታል፣ ብዙ ይኖራል፣ በሎጂክ ያስባል፣ ለሰው የቀረችለት ስሜት ብቻ ናት።

የጌሙን ነገር ወደ ኋላ ብትሄዱበት ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ላይ ትደርሳላችሁ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ገጸ ባሕርይ እየሆኑ የሚጫወቱት ጌም ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ ድዋርፍ ተዋጊ 6ኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ ያቆማል፣ ሰው ግን ገደብ አልነበረበትም፣ የሰው ብልጫው እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ገደቡን ከሌሎቹ ላይ አነሳና ለሰው አንድ ተጨማሪ ችሎታ ሰጠው፣ ምን ዓይነት ችሎታ? የፈለገውን! ለኔ ይሄ ባዶ ምስጋና ነው። ጸሐፊው ራሱ ሰው ስለሆነ ሰውን ዜሮ ላይ ያስቀምጥና ሌላውን ከዛ ተነስቶ ይለካል፣ ሌላ ፍጥረት እኛን እንዴት እንደሚያየን ቆም ብሎ አያስብም።

እኛ ሰሜን ሸዋ ግን ይሄን በዓይናችን ማየት እንችላለን። መንዝ ጓሳ ሂዱ። ሲነጋ ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ይወጡና መሬት ላይ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሳር እየነጩ ይበላሉ፣ ሰው አጠገባቸው ቢያልፍም ግድ የላቸውም። አንድ ቀን ጠዋት ከብት የሚጠብቅ ልጅ በመሃላቸው ሲያልፍ አየሁ፣ ዕድሜው አስር ቢሆን ነው። ዝም ብለው ይበላሉ። ከዛ ልጁ ጎንበስ አለ፣ ጎንበስ ብቻ፣ ድንጋይም አላነሳም፣ ያ ሁሉ መንጋ ብድግ ብሎ ወደ ገደሉ። ትልቁ ወንድ፣ ጋማው የአንበሳ የሚመስለው፣ ጥርሱ የሚያስፈራው፣ እሱም ሮጠ። ለሱ ያ ልጅ ኖርማል አይደለም፣ ሳይነካህ ከሩቅ የሚመታህ ፍጥረት ነው። ደግሞ የላብ ዕጢያችን ብቻ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ይደርሳል፣ ብዙ ጸጉራም እንስሳ በቀትር ጥላ ሲፈልግ ሰው ላቡ እያቀዘቀዘው መንገዱን ይቀጥላል።

እኔን ከዚህ ሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ያው ጓሳ ላይ የነበረው የቄሮ ስርዓት ነው (የቅርብ ጊዜውን የፖለቲካ ቃል ማለቴ አይደለም፣ የድሮውን የጓሳ ደንብ ነው)። ከ300 ዓመት በላይ፣ በኛ አቆጣጠር የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መጥቶ እስኪያፈርሰው ድረስ፣ የመንዝ ሰው ሳሩን ለዓመታት ይዘጋዋል፣ ሦስትም አምስትም ዓመት ሊሆን ይችላል፣ ማንም አያጭድ፣ ማንም ከብት አያስገባ። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነው እሱ ነው። አሁን አስቡት፣ ይዘጋ ብለው ከሚስማሙት ሽማግሌዎች መካከል ሲከፈት በሕይወት የማይኖር አለ፣ ያውቀዋልም፣ ግን ይዘጋ ይላል።

ኤልፍ ይሄን አያደርግም፣ ዕድሜ ሞልቶት ለሚመጣው ትውልድ ምን አስጨነቀው? ነገሩን በደንብ የጠጋው የፋንታሲ ደራሲው ቶልኪን ይመስለኛል። በሱ ዓለም ኤልፎች ዓለሙ እስካለ ይኖራሉ፣ ሞት ደግሞ ለሰው የተሰጠ ስጦታ ነው ይላል፣ ቅጣት አይደለም። ኑሜኖር የምትባል ደሴት ሰዎች ይሄን ስጦታ ጠልተው የማይሞቱትን ሊወጉ ዘመቱና ደሴታቸው ባህር ዋጣት። ስጦታነቱ ምኑ ላይ እንደሆነ ግን ለኔ የበለጠ የገባኝ ጓሳ ላይ ነው፣ የሚሞት ፍጥረት ስለሆንን ነው ማቆየት የተማርነው።

በአማርኛ ፋንታሲ የምትጽፉ፣ ጌም ለመስራት የምትሞክሩ ልጆች፣ እባካችሁ ሰውን ዜሮ ላይ አታስቀምጡት። ለምሳሌ ሰውየው ሲሞት ደረጃው አብሮት አይቀበር፣ ልጁ ወይ ጎረቤቱ ካቆመበት ይቀጥል፣ የዘጋውን ሳር የልጅ ልጁ አጭዶ ቤት ይክደንበት። ኤልፉ ሺህ ዓመት ያጠራቀመውን፣ በጦርነት የሞተ ቀን፣ ይዞት ይሂድ።